ስለ መቅመስና ስለ መፍረድ

ከሰው አካል ሁሉ ፈጥኖ የሚፈርድ ምላስ ነው። ዓይን አይቶ ይጠራጠራል፤ ጆሮም ሰምቶ «እስኪ ድገምልኝ» ይላል፤ ምላስ ግን አንድ ጊዜ ከነካ በኋላ ሁለተኛ ምስክር አይጠራም። «ይጣፍጣል» ወይም «አይረባም» ብሎ ነገሩን ይቈርጠዋል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች መቅመስና መፍረድ አንድ ሥራ ይመስሏቸዋል። ነገር ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው። መቅመስ የምላስ ነው፤ መፍረድ የልቡና ነው። መቅመስ በአፍታ ያልቃል፤ መፍረድ ግን ጊዜና ዕውቀት ትዕግሥትም ይፈልጋል። ምላሱን ዳኛ አድርጎ የሾመ ሰው፥ ከማዕድ ተነሥቶ ወደ አደባባይ በወጣ ጊዜም በሰው ላይ የሚፈርደው እንደዚያው ባለ ችኰላ ነው። እኔም ይህን ለማስረዳት ከትልልቅ ነገር ይልቅ ትንሽ ምሳሌ መርጫለሁ፤ እርሱም ራይ ከሚባል እህል የሚጠመቅ ቢራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ መጠጥ አይመሰገንም ነበር፤ እኔም ዛሬ ላመሰግነው አልተነሣሁም። ስካር ስንቱን ትዳር እንዳፈረሰና ስንቱን ብርቱ ጐልማሳ ከሥራ እንዳወጣ፥ በመምህርነት ዘመኔ በብዙ ቤት አይቻለሁ። አገራችንም በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ስለዚህ ዕድሜው ያልደረሰ፥ ወይም ሃይማኖቱና ጤናው የማይፈቅድለት አንባቢ፥ እዚህ የምናገረውን ሁሉ በቡና፥ በማር ወይም በእንጀራ ሊለማመደው ይችላል። የምጽፈው ስለ መጠጣት ሳይሆን ስለ መፍረድ ነውና። እንዲያውም በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ዳኞች የሚጐነጩት ጥቂት ብቻ ነው፤ የሰከረ ሰው መስካሪ እንኳ ሊሆን አይችልም፤ ይልቁንም ዳኛ።

ራይ የስንዴና የገብስ ዘመድ የሆነ የቀዝቃዛ አገር እህል ነው። ፍሬው ከስንዴ ፍሬ ቀጠንና ረዘም ያለ ነው። ስንዴ በሚቸገርበት አሸዋማ መሬትና በብርቱ ብርድ ውስጥ ይበቅላል። በዚህም ምክንያት በጀርመን፥ በፖላንድ፥ በሩሲያና በፊንላንድ የብዙ ሰው የዕለት ዳቦ ለረጅም ዘመን ከራይ ሲጋገር ኖሯል። ዳቦው ጠቆር ያለ፥ ክብደት ያለውና ኮምጠጥ የሚል ነው። ከዚሁ እህል ብቅል ተሠርቶ ከገብስ ብቅል ጋር ሲጠመቅ የራይ ቢራ ይሆናል። የዚህም ቢራ አንዱ ዓይነት ኤል ይባላል፤ ኤል ማለት እርሾው ሞቅ ባለ ሥፍራ የሚሠራለትና ሽታው የበዛ ቢራ ማለት ነው። በአገራችን ከፋብሪካ የሚወጣውና በብዛት የሚጠጣው ቢጫና ጥሩ ቢራ ግን ላገር የሚባለው፥ በቀዝቃዛ ሥፍራ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቈየው ዓይነት ነው። ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን ምሬት፥ ለቢራ የሚሰጠው ሆፕ የሚባል የሐረግ አበባ ነው።

ራይ ለጠማቂ ቀላል እህል አይደለም። ገብስ ቅርፊት አለው፤ ብቅሉ ተከክቶ በሙቅ ውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ቅርፊቱ ከሥር ይነጠፍና እንደ ወንፊት ሆኖ ፈሳሹን ያጠልለዋል። ራይ ግን በአውድማ ላይ ከቅርፊቱ ስለሚለይ ይህ ወንፊት የለውም። ደግሞም ውሃ የሚይዝ ሙጫ መሰል ነገር በውስጡ ስላለ፥ ብዛቱ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ብጥብጡ እንደ ገንፎ ይረጋና አልወርድም ይላል። ስለዚህ ብዙዎቹ የአሜሪካ ጠማቂዎች ራይን ከጠቅላላው እህል ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ብቻ ያገቡታል፤ እንዲያጠልልላቸውም የሩዝ ገለባ ይጨምሩበታል። በጀርመን አገር በባቫሪያ የሚጠመቀው ግን ብዙውን ጊዜ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ራይ ነው። ይህ ሙጫ መሰል ነገር ጠማቂውን ቢያስቸግረውም ለመጠጡ ወዝ ይሰጠዋል፤ በአፍ ውስጥ ወፈርና ለስለስ ያደርገዋል። መልኩ ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው፤ ሽታው ትኩስ ጥቁር ዳቦን፥ ጣዕሙም ቍንዶ በርበሬን ያስታውሳል። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ፤ ድፍርስነቱና ውፍረቱ የዚህ መጠጥ ጠባይ ናቸው እንጂ ነውሩ አይደሉም።

ስለዚህ እህል አንድ የታሪክ ነገር አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1516 የባቫሪያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፥ ከሆፕና ከውሃ በቀር በሌላ ነገር እንዳይሠራ አዘዙ። ከምክንያቶቹ አንዱ ስንዴና ራይ ለዳቦ እንዲተርፉ ነው ተብሎ ይነገራል። በዚያ አገር የራይ ቢራ እንደገና በገበያ የታየው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ራይ ከጋን የራቀው ክፉ እህል ስለ ሆነ ሳይሆን ደግ እህል ስለ ሆነ፥ ማለት ሕዝቡ ዳቦውን ስለሚፈልገው ነው። ዳሩ ግን ክልከላው ኖሮ ምክንያቱ ሲረሳ፥ የልጅ ልጅ ተነሥቶ «ከራይማ ቢራ አይሆንም» ሊል ይችላል። ስንት የምንንቀው ነገር አለ፤ አባቶቻችን የተዉበትን ምክንያት ሳንጠይቅ መተዋቸውን ብቻ የወረስን!

በፊንላንድ ገጠር ደግሞ ሳህቲ የሚባል የቤት መጠጥ አለ። ከገብስ ብቅል ጋር ራይ ይገባበታል፤ የጥድ ቅርንጫፍ በተነጠፈበት ገንዳ ይጠለላል፤ ብዙውን ጊዜም የሚጠነሰሰው በዳቦ እርሾ ነው። ድፍርስ ነው፤ ብዙም አይቈይም። የጠራ ቢራ ብቻ የለመደ እንግዳ ቢያየው ያልተጣራ ነው ብሎ ፊቱን ሊያዞር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ግን በ2002 ስሙን በባህላዊ አሠራሩ መዝግቦ ጠብቆለታል። በእኛ አገር ጋኑ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ በእነርሱ አገር ገንዳው በጥድ ቅርንጫፍ ይነጠፋል። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ፥ እህልን በአገራቸው ዛፍ ማሽተት የተማሩ መሆናቸው ያስደንቃል። ስለዚህ ጠላን የሚያውቅ ሰው የራይ ኤል ለመቅመስ ባዶ አፉን አይመጣም።

እኔ የራይ ኤል የቀመስሁት በ2015 ዓ.ም. ልጄን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ፥ ወደ ሚኒሶታ በሄድሁ ጊዜ ነው። ጐረቤቷ ጡረታ የወጣ አናጢ ነበር፤ ቢራም ከቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ይጠምቅ ነበር። አንድ ቀን ማታ አራት ሰዎች ተቀመጥን፤ ጠማቂው፥ የልጄ ባል፥ በዚያ አገር ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ ያገራችን ሽማግሌና እኔ። በትንንሽ ብርጭቆ ተቀዳልን።

የልጄ ባል ብርጭቆውን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ አየውና ገና ሳይቀምስ «ድፍርስ ነው፤ ይህ ተበላሽቷል» አለ። ሽማግሌው ግን አንድ ጊዜ እንደ ተጐነጩ ዓይናቸው እንባ አቀረረና «ይህማ የእናቴ ጉሽ ነው! በዓለም ላይ እንደዚህ ያለ መጠጥ የለም» አሉ። ሁለቱም እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ስለ ቢራው አልተናገሩም። አንዱ የፈረደው በለመደው ነው፤ ሌላው የፈረዱት በናፍቆታቸው ነው። ቢራው በሁለቱ መካከል ሳይታይ ቀረ። ጠማቂው በዘለፋው አልተቈጣም፤ በምስጋናውም አልተኵራራም። እርሳስና ወረቀት አምጥቶ «ምን ምን ሸተታችሁ? ምሬቱ የመጣው በመጀመሪያ ነው ወይስ ከዋጣችሁት በኋላ?» እያለ ይጠይቀን ጀመር። ልጄ ስታስተረጕምልኝ እኔ በልቤ «ይህ ሰው ዳኝነት የሚያውቅ ነው» አልሁ።

ከሳምንት በኋላ በየቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች ወደሚወዳደሩበት አዳራሽ ወሰደኝ። እርሱ ቢራው ወደሚዳኝበት ጠረጴዛ እንዲቀርብ አልተፈቀደለትም፤ እኔ ግን ራቅ ብዬ ዝም ብዬ እንድመለከት ፈቀዱልኝ። ያየሁትን ሥርዓት በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ይህ ሥርዓት ከ1985 ጀምሮ በአሜሪካ የቢራ ዳኞችን እየፈተነ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ድርጅት ያወጣው ነው።

በመጀመሪያ፥ በጠርሙሱ ላይ የጠማቂው ስም የለም፤ ቍጥር ብቻ አለ። ዳኛው የሚቀምሰው የወዳጁ ይሁን የባላጋራው፥ የሀብታም ይሁን የድኻ፥ አያውቅም። ሁለተኛ፥ ለዳኛው የመጠጡ ዓይነት ይነገረዋል፤ «ይህ የራይ ኤል ነው» ይባላል። ስለዚህ «ለምን እንደ ላገር አልጠራም?» ብሎ ሊከስሰው አይችልም፤ ሊሆን ያሰበውን ሆኗል ወይስ አልሆነም የሚለውን ብቻ ይመረምራል። ሦስተኛ፥ ቶሎ የሚጠፋው ሽታ ስለ ሆነ አስቀድሞ ያሸትታል፤ ቀጥሎ መልኩን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ይጐነጫል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍም የፊተኛው ጣዕም በኋለኛው ላይ እንዳይፈርድበት፥ አፉን በውሃና ጣዕም በሌለው ደረቅ ዳቦ ያጠራል። አራተኛ፥ እያንዳንዱ ዳኛ የራሱን አሳብ በወረቀት ላይ ጽፎ ሳይጨርስ ከጐኑ ካለው ዳኛ ጋር አይነጋገርም። ታላቁ ዳኛ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ የራሱን ምላስ እንደሚክድ ያውቃሉና።

ነጥቡ የሚሰጠው ከ50 ነው። ለሽታ 12፥ ለጣዕም 20፥ በአፍ ውስጥ ለሚሰማው ውፍረትና ልስላሴ 5፥ ለጠቅላላው አሳብ 10 ነው። ለመልክ የተመደበው ግን 3 ብቻ ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ቍጥር በልባችሁ ጻፉት፤ ለመልክ ከ50 ሦስት! የልጄ ባል 50ውንም በመልኩ ብቻ ነሥቶት ነበር። እኛም በየቀኑ በሰው ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ በልብሱ፥ በአነጋገሩ ቅላጼ፥ በመጣበት መንደር ሙሉውን ነጥብ እንሰጠዋለን፤ ወይም ሙሉውን እንነሣዋለን።

ደግሞ ዳኛው ነጥብ ሰጥቶ ብቻ አይሄድም፤ ምክንያቱን ይጽፋል። ቢራው ቅቤ ቅቤ የሚሸት እንደ ሆነ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል፤ ሆምጣጤ የሚሸት እንደ ሆነ ዕቃው በደንብ አልታጠበም ወይም አየር ገብቶበታል ይባላል። ጠላ የምትጠምቅ እናትም ይህን ሁሉ በራሷ ቋንቋ ታውቀዋለች፤ ጋኑ ሳይታጠን ቀርቶ እንደ ሆነ፥ ጌሾው በዝቶ እንደ ሆነ፥ ክዳኑ ተከፍቶ አድሮ እንደ ሆነ በአንድ ጕንጭ ትለየዋለች። ጉድለትን ከምክንያቱ ጋር የሚናገር ዳኛ መምህር ነው፤ ጉድለትን ያለ ምክንያት የሚናገር ግን ተሳዳቢ ነው።

የጐረቤታችን ቢራ 34 አገኘ። የዳኞቹም ጽሑፍ እንዲህ የሚል ነበር፤ የዳቦው ሽታ መልካም ነው፤ ውፍረቱ ለዓይነቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከዋጡት በኋላ ምሬቱ ሻካራ ሆኖ ስለሚቈይ የራዩን ጣዕም ይሸፍነዋል፤ በሚመጣው ጊዜ ሆፑን መቀነስ ይገባል። ጠማቂው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ደስ ብሎት «አሁን ምን መሥራት እንዳለብኝ ዐወቅሁ» አለ። የሽማግሌው ምስጋና ይህን ያህል ደስታ አልሰጠውም ነበር።

እኔስ ምን ፈረድሁ? ያን ዕለት ማታ ስጠየቅ ሁለት ዐረፍተ ነገር መለስሁ። «መልካም ሥራ ነው። እኔ ግን ሁለተኛ ብርጭቆ አልፈልግም።» የልጄ ባል ሳቀና «መልካም ከሆነ ለምን አይፈልጉም?» አለኝ። ምክንያቱም እነዚህ ሁለት ነገሮች የተለያዩ ስለ ሆኑ ነው። «መልካም ነው» የሚለው ስለ ቢራው የተነገረ ምስክርነት ነው፤ «አልፈልግም» የሚለው ስለ እኔ የተነገረ ምስክርነት ነው። አብዛኛው ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ የወደደውን ሁሉ መልካም፥ ያልወደደውን ሁሉ ክፉ ይለዋል። ያደገ ሰው ግን አራት ያህል አለው። መልካም ነው እወደዋለሁ፤ መልካም ነው አልወደውም፤ ጉድለት አለበት አልወደውም፤ ጉድለት አለበት ግን እወደዋለሁ። የመጨረሻዋ ከሁሉ ታስቸግራለች። የእናታችን ጠላ የኮመጠጠ ዕለት መኮምጠጡን ሳንክድ እናታችንን መውደድ እንችላለንና። አገሩን፥ ወገኑንና ወዳጁን በዚህ ዐይነት የሚወድ ሰው ብርቱ ነው፤ ፍቅሩ ውሸት አያስፈልገውም።

«ይህ ሁሉ ጭንቀት ለአንድ ብርጭቆ ቢራ ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንግዲያስ የቸኰለ ምላስ ምን እንደሚያደርስ፥ ወደ ገዛ አገራችን ተመልሼ ያየሁትን ልንገረው።

በ1978 ዓ.ም. በአንዲት የደጋ ከተማ አስተምር ነበር። በገበያው ዳር ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ጠላ ትሸጥ ነበር፤ በበሯም ላይ እንደ ልማዱ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ይታይ ነበር። ገብሱን አጥብቃ ስለምትቈላው ጠላዋ ጠቆር ያለ ነው፤ ጋኑንም በወይራ ደኅና አድርጋ ስለምታጥነው ጢስ ጢስ ይላል። ያ አገር ጠላን የሚወደው እንዲህ አድርጎ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቀን ከሌላ አገር በሥራ ተዛውሮ የመጣ፥ ቃሉ የሚሰማ ሰው ገባ። ሌሊቱን አረቄ ሲጠጣ ያደረ ነበርና አፉ ለምንም ነገር አልተዘጋጀም። አንድ ጊዜ ተጐነጨና የቀረውን መሬት ላይ ደፍቶ፥ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ «ይህ አሯል፤ ይህ ሰው ይገድላል» ብሎ ወጣ። በእርሱ አገር ጠላ ነጣ ያለ ነው፤ ጥቁር ጠላ የሚባል ዓይነት መኖሩን አልጠየቀም፤ የነገረውም የለም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ቃሉ ከእርሱ ቀድሞ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠጪው እኩሌታ ሆነ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ጋኑ ሳይነካ ዋለ። ጠላ ደግሞ እንደ እህል በጐተራ አይቀመጥም፤ ኮመጠጠ። ስለዚህ ውሸት የነበረው ቃል እውነት ሆነና ቤቷን ዘጋው። ገብሱና ጌሾው በዱቤ የተገዛ ነበር። ልጇ ስድስተኛ ክፍል የእኔ ተማሪ ነበረች፤ ከክፍሉም ሁለተኛ ትወጣ ነበር። እኛ መምህራን ጥቂት አዋጥተን ሰጠናቸው፤ ነገር ግን ለወር እንጂ ለዓመት የሚበቃ አልነበረም። ልጅቷ በሰው ቤት ሠርታ ዕዳውን እንድታግዝ ወደ ትልቅ ከተማ ተላከች። ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን፥ በጋዜጣ ወረቀት የተሸፈነውን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ይዛ መጣችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «ጋሼ፥ የትምህርት ቤቱ ነው፤ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ከገጾቹ አንዱ እንኳ አልታጠፈም ነበር።

ያ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋን አያውቃትም፤ ልጅ እንዳላትም አልሰማም። ስለ አንድ ጣሳ ጠላ የተናገረ ብቻ ይመስለው ነበር እንጂ፥ በአንዲት ሕፃን ትምህርት ላይ ፍርድ መስጠቱን አላወቀም። የቸኰለ ፍርድ ክፋቱ ይህ ነው፤ ፈራጁ ሳይጠላ፥ ሳይመቀኝ፥ ሌሊቱንም በሰላም ተኝቶ ሳለ የሰው ቤት ይፈርሳል። ዛሬማ የአንድ ሰው ቃል ከአንድ ገበያ አልፎ በእጅ ስልክ በአንድ ቀን አገር ለአገር ስለሚዞር፥ ጥንቃቄው እጅግ ሊበዛ ይገባል።

ይህን ስል ጉድለትን ሸፍኑ ማለቴ አይደለም። የተበላሸ መጠጥ ለሰው ጤና አደጋ ነውና ዝም ማለት ክፋት ነው። ነገር ግን የሚናገረው ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከጠየቀም በኋላ ለሠራችው ሴት ለብቻዋ «እትዬ፥ የዛሬው ጠላ እንዲህ እንዲህ ይላል፤ ምን ሆኖ ነው?» ይበላት። ያ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፥ «ጌታዬ፥ የአገሩ ወግ ነው፤ ገብሱ ስለ ተቈላ ነው» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ለዚህች ጥያቄ የሚያስፈልገው ጊዜ ጣሳውን ከመድፋት አይበልጥም።

በማስተምርበት ዘመን ፈተና ሳርም የወረቀቱን ራስ አጥፌ ስሙን እሸፍን ነበር። የጐበዙን ስም ያየ እጅ ስሕተቱን ያልፍለታል፤ የሰነፉን ስም ያየ እጅ ደግሞ ትክክሉን እንኳ ይጠራጠራል። ጽሕፈቱ የማያምር ልጅ አሳቡ ያማረ ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ብዙ ዓመት አይፈጅም፤ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ ብቻ ይበቃል። ለጠርሙስ ስሙ የሚሸፈንለት ከሆነ ለልጅማ እንዴት አይሸፈንለትም?

እንግዲህ ወጣቱ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ዓለም ስትኖር ብዙ ነገር ትቀምሳለህ፤ ያልለመድኸው ምግብ፥ ያልሰማኸው ዜማ፥ የማታውቀው ሕዝብ ጠባይ፥ አዲስ አለቃ፥ አዲስ ጐረቤት ይገጥምሃል። የመጀመሪያዋ ጕንጭ በአፍህ ስትገባ ምላስህ ወዲያው ይናገራል፤ እርሱን መከልከል አትችልም። ግን ድምፁን ሰምተህ ቃሉን ማቈየት ትችላለህ። ይህ ነገር ምን ሊሆን ታስቦ ነው የተሠራው ብለህ ጠይቅ። አፍህን ከትናንቱ ጣዕም አጥራ። ባልንጀራህ ምን እንደሚል ሳትሰማ የራስህን አሳብ ለራስህ ተናገር። ለመልክ ከሦስት በላይ አትስጥ። «አልወደድሁትም» ማለት ሲገባህ «ክፉ ነው» አትበል፤ ክፉ ሆኖ ስታገኘው ደግሞ ለምን ክፉ እንደ ሆነ ለባለቤቱ የሚጠቅም አድርገህ ንገረው።

በአባቶቻችን ግብር ላይ አሳላፊው መጠጡን ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ላይ ጥቂት አፍስሶ በእንግዳው ፊት ራሱ ይቀምስ ነበር። ለሌላው የማቀርበው ጕዳት የሌለበት መሆኑን በገዛ ሰውነቴ እመሰክራለሁ ማለቱ ነው። አንተም በሰው ላይ የምትፈርደውን ቃል ወደ አደባባይ ከማውጣትህ በፊት እንደዚያ አድርግ፤ ጥቂት በመዳፍህ ላይ አፍስሰህ አስቀድመህ አንተው ቅመሰው። ቢነገርብህ የምትችለው ከሆነ ለሌላው አቅርበው፤ የማትችለው ከሆነ ግን ድፋው።